«ፓምፑ ተቃጥሏል» ከማለት በፊት

ሞተሪኖው (ማስነሻው) እየዞረ ሞተሩ አልነሳ ካለ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ቀድሞ የሚሰማው ፍርድ «(የነዳጅ) ፓምፑ ተቃጥሏል» ነው። ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ይወርዳል፣ አዲስ ፓምፕ ይገባል፣ መኪናው ግን ያው ነው። ከዚህ በታች ያለው ፓምፑ ሰልባትዮ ውስጥ ለሆነ የቤንዚን ኢንጀክሽን መኪና ነው።

«ቁልፍ ሲከፈት ትንሽ ጮኾ ዝም ካለ አልቆለታል።» የለም። በአብዛኞቹ መኪኖች ፓምፑ 2 ወይም 3 ሰከንድ ሠርቶ ግፊት ይሞላል፤ ከዚያ ሞተሩ እስኪዞር ኮምፒውተሩ ያጠፋዋል። የሚያሳስበው ጨርሶ ድምፅ ሲጠፋ ነው።

«ፊውዙን አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው።» ጸጉር የምታህል ስንጥቅ ለዓይን አትታይም። ፊውዙን ሳይነቅሉ፣ ሌላ ሰው ቁልፉን እየከፈተ፣ አናቱ ላይ ያሉትን ሁለት ብረቶች በቴስት ላምፕ (አንድ ጫፉ ቦዲ ላይ በተያዘ መሞከሪያ አምፖል) ይንኩ። አንዱ ላይ ብቻ ካበራ ተበጥሷል። ሁለቱም ላይ ካላበራ ኤሌክትሪኩ ፊውዙ ጋም አልደረሰም፤ ከፊውዙ በፊት ያለውን መስመርና ሪሌውን (ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋውን ማብሪያ) ይፈትሹ።

«15 አምፔር ፊውዝ ከተበጠሰ 20 ይችለዋል።» ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ የሲጋራ ብርማ ወረቀት የሚጠቀልልም አለ። ጤነኛ ፓምፕ የሚስበው ከ4 እስከ 8 አምፔር ገደማ ስለሆነ፣ 15ቱ በከንቱ አልተበጠሰም። ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ከፍ ያለ ሲገባ የሚነደው ቤንዚን አጠገብ ያለው ሽቦ ይሆናል። ይልቅ የፓምፑን ሶኬት ነቅለው ልኩን ፊውዝ ያስገቡና ቁልፉን ይክፈቱ። አሁንም ከበጠሰ ሽቦው መንገድ ላይ ተልጦ ቦዲ ነክቷል፤ ካልበጠሰ ጥፋቱ ከሶኬቱ ወዲያ፣ ፓምፑ በኩል ነው።

«ሶኬቱ ላይ 12 ቮልት አለ፣ ስለዚህ ሽቦው ሰላም ነው።» ብዙ ፓምፕ በከንቱ የሚጣለው እዚህ ላይ ነው። ሶኬቱ ተነቅሎ ሲለካ ቴስተሩ (ቮልት መለኪያው) የሚስበው ኢምንት ስለሆነ፣ ከሽቦው አንድ ክር ብቻ ቢቀር እንኳ 12 ያሳያል። መለካት ያለበት ሶኬቱ ተሰክቶ፣ ፓምፑ እየሠራ ነው። 2 ሰከንድ ስለማይበቃ ሪሌውን ነቅለው የመሰኪያውን 30 እና 87 ቁጥር ቀዳዳዎች 15 አምፔር ፊውዝ ባለው ሽቦ ያገናኙ። ይህም ቤንዚን የሚንጠባጠብበት ከሌለ ብቻ ነው። ባትሪው 12.4፣ ፓምፑ ጋ 10.8 ከሆነ 1.6 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ከግማሽ ቮልት በላይ መጥፋት የለበትም። የት እንደጠፋ ለማወቅ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ፓምፑ ፖዘቲቭ ላይ ያድርጉ፤ የሚያሳየው ቁጥር የዚያ መስመር ኪሳራ ነው። ኔጋቲቩንም እንዲሁ። ኔጋቲቭ ላይ ከሆነ ቦዲው ላይ የታሰረበትን ቦሎን ፈትተው ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ። ፖዘቲቭ ላይ ከሆነ ደግሞ አላርም ወይም ጂፒኤስ ሲገጠም ተቆርጦ፣ ተጠምዝዞ በናስትሮ የታሸገ ቦታ ይፈልጉ።

«ጣርማ በር ዳገት ላይ ቀጥ ካለ ነዳጁ ጋዝ ሆኗል፣ ውሃ አፍስስበት።» ይህ ፓምፑ ሞተሩ ላይ ከነበረበት ከካርቡሬተር ዘመን የቀረ ነው። ሰልባትዮ ውስጥ ያለ ፓምፕ ነዳጁን ብዙ ጊዜ በ3 ባር ገደማ ስለሚገፋ በቀላሉ ጋዝ አይሆንም። ሲግል ጠፍቶ ሲበርድ የሚነሳ መኪና ላይ የሚጠረጠረው የውስጥ ብየዳው የተሰነጠቀ ሪሌ ወይም ካርቦኑ (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው) ያለቀ ፓምፕ ነው። እንደቆመ፣ ሳይበርድ፣ ሪሌውን ቁጥሩና እግሮቹ ከሚመሳሰሉ የጡሩንባ ሪሌ ጋር ይለዋውጡ። ከበረደ በኋላ የሚደረግ ፍተሻ ሁሉንም ደህና ያሰኛል።