ስለ ቀደምቷ የሮም ሪፐብሊክ በተደጋጋሚ የምንሰማቸው ስህተቶች

ሮም ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚሉን ቄሳር፣ ግላዲያተርና ነጭ የእብነ በረድ ዓምድ ናቸው። ሦስቱም ዘግይተው የመጡ ናቸው። ዩሊየስ ቄሳር በ49 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) ጦሩን ይዞ የሩቢኮንን ወንዝ ሲሻገር ሪፐብሊኩ ከ450 ዓመት በላይ ቆይቷል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መቶ ዓመታት ብዙም አይወሩም። ሲወሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተዛብተው ነው።

«ንጉሡ ተባረረ፣ ዴሞክራሲ መጣ»

ንጉሡ መባረሩስ እሺ። በባህላዊው አቆጣጠር በ509 ቅ.ል.ክ. ትዕቢተኛው ታርኲን ከነቤተሰቡ ከሮም ወጣ። በምትኩ ቆንስል የተባሉ፣ ለአንድ ዓመት የሚመረጡ ሁለት የበላይ ሹሞች ተሾሙ። አንዱ የሌላውን ውሳኔ ማገድ ይችል ነበር። ብልህ ዘዴ ነው፤ ግን ሥልጣኑ ሕዝቡ እጅ አልገባም፤ የገባው ጥቂት ታላላቅ ቤተሰቦች እጅ ነው።

«ሕዝቡ ድምፅ ይሰጥ የለም እንዴ?» ይሰጣል። አሰጣጡን ግን እንየው። ቆንስሎችን የሚመርጠው ጉባኤ፣ ሥርዓቱ ሙሉ ቅርጽ ሲይዝ፣ በ193 ቡድኖች የተከፈለ ነበር። እያንዳንዱ ቡድን ያለው አንድ ድምፅ ነው። የፈረሰኞቹ 18 እና የባለጸጎቹ የመጀመሪያ መደብ 80 ሲደመሩ 98 ይሆናሉ። አለቀ! ብልጫው ተገኘ። ንብረት የሌላቸው ድሆች፣ የቱንም ያህል ቢበዙ፣ ሁሉም አንድ ቡድን ውስጥ ታጭቀዋል። ብልጫ እንደተገኘ ቆጠራው ስለሚቆም ተራቸው ጨርሶ ሳይደርስ ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ይችላሉ።

«ፓትሪሺያን ሀብታም ነው፣ ፕሌቢያን ድሃ ነው»

ይህ ከሁሉም በላይ የተለመደው ስህተት ይመስለኛል። ፓትሪሺያን ማለት ከጥቂቶቹ ታላላቅ ቤተሰቦች የተወለደ ነው፤ ሌላው ዜጋ ሁሉ ፕሌቢያን ነው። ልዩነቱ የዘር እንጂ የገንዘብ አልነበረም። ሀብታም ፕሌቢያን ሞልቶ ነበር። ገንዘብ አለው፣ መሬት አለው፣ ቆንስል መሆን ግን አይፈቀድለትም። ድሃው ፕሌቢያን የቆንስልነት ወንበር ሕልሙም አይደለም። እሱን ያንገበገበው ዕዳ ነው። ለዘመቻ ሲወጣ እርሻው ጦም ያድራል፣ ይበደራል፣ መክፈል ሲያቅተው በገዛ አካሉ ለአበዳሪው ይገዛል።

እነዚህ ሁለት ዓይነት ሰዎች ፍላጎታቸው ቢለያይም ባላንጣቸው አንድ ነበር። በ494 ቅ.ል.ክ. እንደሚተረከው ጦርነት ደጅ ላይ እያለ ፕሌቢያኖቹ ከተማዋን ጥለው ወጡና ቅዱስ ተራራ በተባለው ኮረብታ ላይ ሰፈሩ። አልተዋጉም፣ አልዘረፉም። ዝም ብለው ተቀመጡ። ወታደሩ እነሱ ስለሆኑ ይኸው በቂ ነበር።

ሜኔኒየስ አግሪፓ የሚባል ሰው ተልኮ የሆድና የእጅ እግርን ተረት ነግሮ መለሳቸው ይባላል። ሆድ ሥራ ፈት ቢመስልም ሌላውን አካል የሚመግበው እሱ ነው የሚል ተረት ነው። ሆዱ ማን እንደሆነ አይጠፋችሁም። እኔ ተረቱ የመለሳቸው አይመስለኝም። የተመለሱት ትሪቡን የተባሉ የራሳቸውን ተወካዮች ካገኙ በኋላ ነው። ትሪቡን የቆንስልን ትእዛዝ እንኳ ማስቆም ይችላል። የነካው ሰው ደግሞ ፕሌቢያኖቹ በማሉት መሐላ መሠረት ደሙ ከንቱ ነው።

«የአሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሕግ እኩልነትን አመጣ»

በ451 እና 450 ቅ.ል.ክ. የተጻፈው ይህ ሕግ ለሁሉም ግልጽ ሆኖ መቆሙ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ በፊት ሕጉን የሚያውቁት ፓትሪሺያኖቹ ብቻ ናቸው። ይዘቱ ግን ጨካኝ ነው። ዕዳ የተፈረደበት ሰው 30 ቀን ይሰጠዋል፤ ካልከፈለ አበዳሪው ይዞ በሰንሰለት ያስረዋል፤ መጨረሻው ከቲቤር ወንዝ ማዶ መሸጥ ሊሆን ይችላል። ይባስ ብሎ በፓትሪሺያንና በፕሌቢያን መካከል ጋብቻን ከለከለ። ይህ ክልከላ ብዙም አልቆየም፤ በ445 ተሻረ።

የቀረው ቀስ እያለ መጣ። ፕሌቢያን ለቆንስልነት በር የተከፈተለት በ367 በወጣ ሕግ ነው። የዕዳ እስራቱ እንዲቀር የተደረገው በባህላዊው አቆጣጠር በ326 ነው። የፕሌቢያኖች ጉባኤ ውሳኔ ሁሉንም ሮማውያን የሚገዛ ሕግ የሆነው በ287 ነው፤ ያውም ሌላ አድማ ተደርጎ። ሁለት መቶ ዓመት ገደማ የፈጀ ጭቅጭቅ ነው።

«ሴኔት ፓርላማ ነበር»

አልነበረም። ሴናተሮች በሕዝብ ምርጫ አይገቡም፣ ሕግም አያወጡም። ምክር ይሰጣሉ። ምክራቸውን አልሰማም የሚል ቆንስል ግን እምብዛም ነበር፤ የሥልጣን ዘመኑ በዓመት ሲያልቅ እሱም እነሱው መካከል ነው የሚቀመጠው።

«ዲክታተር ማለት አምባገነን ማለት ነው»

ያኔ ዲክታተር ለክፉ ቀን የሚሾም ሕጋዊ ባለሥልጣን ነበር፤ ቢበዛ ለስድስት ወር። በ458 ኪንኪናቱስ ከእርሻው ተጠርቶ፣ ጠላት አሸንፎ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ሥልጣኑን መልሶ ወደ ማረሻው ሄደ ይባላል። ታሪኩ ትንሽ የተሽሞነሞነ ይመስላል። የስድስት ወሩ ገደብ ግን እውነት ነው።

«ሮም የእብነ በረድና የግላዲያተር ከተማ ነበረች»

በዚያን ጊዜ ቤተ መቅደሶቹ የሚሠሩት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከእንጨትና ከተተኮሰ ሸክላ ነው። የመጀመሪያው የግላዲያተር ግጥሚያ በ264 ቅ.ል.ክ. በአንድ ሰው ቀብር ላይ ታየ። ኮሎሲየም የተመረቀው ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ80 ነው።

«የሮም ጦር ስለማይሸነፍ ነው ጣሊያንን የያዘችው»

ኧረ በደንብ ተሸንፏል! በ390 አካባቢ ከሰሜን የመጡት ጋሎች አሊያ ወንዝ ላይ በትነውት ከተማዋን ዘረፉ። በ321 ሳምናውያን የተባሉ የጣሊያን ተራራ ሰዎች ካውዲየም ሸለቆ ውስጥ ከበው ያለ ጦርነት እጁን አሰጡት። በ280 ደግሞ ከግሪክ ምድር የመጣው የኤጲሮሱ ንጉሥ ፒሩስ ሄራክሌያ ላይ አሸነፈው።

ምስጢሩ ሮም ከሽንፈት በኋላ ሌላ ጦር ማምጣት መቻሏ ነው። በ338 ሮም የላቲን ከተሞችን ስታሸንፍ ከብዙዎቹ ግብር አልጠየቀችም። ለአንዳንዱ ሙሉ ዜግነት፣ ለአንዳንዱ ድምፅ የሌለው ዜግነት ሰጠች፣ ሌላውን በውል አጋር አደረገች። ከሁሉም የፈለገችው ወታደር ነው። ፒሩስ አንድ ጦር ሲያሸንፍ ሌላ ይመጣበታል፤ የእሱ ሰው ግን ባሕር ማዶ ነው። በ275 ተስፋ ቆርጦ አገሩ ገባ። ይህን ስል ሮማውያን ደግ ነበሩ ማለቴ አይደለም። በ396 ቬይ የተባለችውን ጎረቤት ከተማ ሲይዙ የተረፈውን ሕዝብ ለባርነት ሸጠው መሬቱን ተካፍለዋል።

የባሪያ ነገር ግን የውጭ ሰዎችን ያስገርም ነበር። በሥርዓቱ ነፃ የወጣ የሮማዊ ባሪያ ዜጋ ይሆናል። የመቄዶንያው ንጉሥ ፊልጶስ አምስተኛ ላሪሳ ለተባለች የግሪክ ከተማ በጻፈው፣ በድንጋይ ተቀርጾ በተገኘው ደብዳቤ ላይ ከሮማውያን ተማሩ ይላል፤ ነፃ ያወጧቸውን ባሮች ዜጋ ያደርጋሉ፣ ሥልጣንም ያካፍሏቸዋል ብሎ። እዚህ ላይ ንጉሡም ተሳስቷል። ነፃ የወጣው ሰው ራሱ ሹመት አይያዝም ነበር፤ ዕድሉ ሊከፈት የሚችለው በነፃነት ለተወለደው ልጁ ነው።