የትሪም ግንብ፦ በአየርላንድ ገጠር የቆመው ባለ 20 ማዕዘን ምሽግ

ትሪም በአየርላንድ ምሥራቅ፣ ሚዝ በሚባለው አውራጃ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከደብሊን ወደ ሰሜን ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የቦይን ወንዝ መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ከወንዙ በስተደቡብ ሣር በለበሰ ሜዳ ላይ ግራጫ የድንጋይ ግንብ ቆሟል። ኖርማኖች (ከሰሜን ፈረንሳይ ተነስተው እንግሊዝን የያዙ ጦረኞች) በአየርላንድ ከሠሯቸው ምሽጎች ትልቁ ይህ ነው።

አየርላንድ ግንብ ሞልቷታል። ከብት በሚግጥበት ማሳ መሐል ፍርስራሽ ማየት ብርቅ አይደለም። አብዛኛው ግን በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባላባቶች ከነቤተሰባቸው የኖሩበት ጠባብ ማማ ነው። አንዳንዱ ታድሶ ሆቴል ሆኗል። አንዳንዱ ውስጥ ደግሞ የጥንት ልብስ የለበሱ አስተናጋጆች ለቱሪስት እራት ያቀርባሉ። ትሪም እንዲህ ያለ ጨዋታ የለውም። የቤት ዕቃ የለም፣ ምንጣፍ የለም፣ የጥንቱ የእንጨት ወለልም የለም። ያለው ድንጋይ ነው። እኔ በበኩሌ አንድ የአየርላንድ ግንብ ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ትሪምን ነው የምለው። እንዴት እንደተሠራ፣ ለምን እንደተሠራ በዓይን ይታያልና።

ታሪኩ የሚጀምረው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ዴርሞት ማክመሮ የሚባል የአየርላንድ ንጉሥ በ1166 ከግዛቱ ተባረረ። ባሕር ተሻግሮ የኖርማን ጦረኞችን እርዳታ ጠየቀ። መጡለት። ግን መጥተው አልተመለሱም። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ደግሞ የራሱ ሹማምንት ባሕር ማዶ ሌላ መንግሥት እንዳያቆሙበት ሰጋ። ስለዚህ በ1171 ራሱ ጦሩን ይዞ አየርላንድ ገባ። በማግሥቱ ዓመት ሰፊውን የሚዝ ግዛት ሂዩ ደ ሌሲ ለሚባል ታማኙ ሰጠው። በምላሹ ደ ሌሲ ንጉሡ ሲጠራው 50 ፈረሰኛ ተዋጊ ማሰለፍ ነበረበት። እኛ ጉልት ከምንለው ብዙ አይርቅም።

ደ ሌሲ ትሪም ላይ መጀመሪያ የሠራው ድንጋይ አልነበረም። አፈር ቆልሎ፣ ዙሪያውን ቆፍሮ፣ በእንጨት አጠረ። የአየርላንድ የበላይ ንጉሥ የነበረው ሮሪ ኦኮነር ጦሩን ይዞ ሲመጣ ጠባቂዎቹ ጥለውት ሸሹ፤ ምሽጉም ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ ነው የድንጋዩ ሥራ የተጀመረው። ግንቡ ውስጥ የቀሩ እንጨቶች በዛፍ ዕድሜ ቀለበት ሲመረመሩ ሥራው ከ1170ዎቹ እስከ 1200ዎቹ መጀመሪያ፣ በየመሐሉ እየተቋረጠ እንደተሠራ አሳይተዋል። አባት ጀመረው፣ ልጁ ዋልተር ጨረሰው።

አሁን ወደ ቅርጹ። ዋናው ግንብ መሐሉ አራት ማዕዘን ነው። በአራቱም ጎን አንዳንድ ትንሽ ማማ ተለጥፎበታል። ከላይ ሲታይ መስቀል ይመስላል። ወደ ውጭና ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ማዕዘን ሲቆጠር 20 ይመጣል። ከአራቱ ጎን ማማዎች የሰሜኑ ፈርሶ ዛሬ ሦስቱ ናቸው የቀሩት። ግድግዳው ከ3 ሜትር በላይ ውፍረት አለው። መግቢያው መሬት ላይ ሳይሆን አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ በምሥራቁ ማማ በኩል ነው። ከመግቢያው በላይ የጸሎት ቤት ነበር።

ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህ ቅርጽ ለጦርነት ጥሩ አይደለም። ማዕዘን በበዛ ቁጥር ከላይ የቆመ ቀስተኛ የማያየው ጥግ ይበዛል። ከሥር ቆፍሮ ለመናድም ማዕዘን ይመቻል። ታዲያ ልምድ ያለው ጦረኛ ለምን እንዲህ ሠራ? አሳማኙ መልስ ግንቡ ለመታየት ነው የተሠራው የሚለው ነው። ገና ባልረጋ አገር፣ ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ሁሉ «እዚህ ነኝ፣ አልሄድም» ለማለት። የመከላከሉን ሥራ በኋላ የተሠራው የውጭ ቅጥር ተረከበው።

ቅጥሩን ዞሮ ማየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በከተማው በኩል ያሉት ማማዎች አራት ማዕዘን ናቸው። በደቡብ በኩል ያሉት ግን ፊታቸው ክብ ነው። በመሐሉ ያለው ልዩነት ጥቂት አሥርት ዓመታት ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ግንበኞች ክብ ግድግዳ ማዕዘን ስለሌለው ለማፍረስ እንደሚያስቸግር ተረድተው ነበር። በዚሁ በደቡብ ቅጥር የደብሊን በር የሚባለው አለ። ከበሩ ፊት ወደ ውጭ የወጣ ሌላ ማማ ያለው ነው። ጠላት የመጀመሪያውን ቢያልፍ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ተቀርቅሮ ከላይ ጥቃት ይወርድበታል። ብዙ ጎብኚ ዋናውን ግንብ አይቶ ይህን ሳያይ ይወጣል፤ ያሳዝናል።

ሂዩ ደ ሌሲ የሥራውን ፍጻሜ አላየም። የጠላቱን የሮሪ ኦኮነርን ልጅ ንጉሡን ሳያስፈቅድ አግብቶ ነበር። ሄንሪ «ይኼ ሰው ራሱን ሊያነግሥ ነው» ብሎ ጠረጠረው። ጥርጣሬው እውነት ይሁን አይሁን ሳይለይ፣ በ1186 ደ ሌሲ ደሮ በሚባል የገዳም ቦታ ሌላ ምሽግ ሲያሠራ አንድ አየርላንዳዊ ወጣት ልብሱ ውስጥ በደበቀው መጥረቢያ አንገቱን ቆረጠው። ገዳዩ ሮጦ አመለጠ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሬሳው በኋላ ትሪም አጠገብ ወዳለው ቤክቲቭ ገዳም ተወሰደ። ጭንቅላቱ ደግሞ ደብሊን ወደሚገኘው ቅዱስ ቶማስ ገዳም ሄደ። ሁለቱ ገዳማት ለዓመታት ተካሰሱ። በ1205 ለደብሊኑ ተፈረደና አካሉና ጭንቅላቱ አንድ ቦታ ገቡ። ታዋቂ ሰው የተቀበረበት ገዳም ክብርም ገቢም ስለሚያገኝ ክርክሩ የዋዛ አልነበረም።

በ1210 የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን ትሪም መጣ። ከዋልተር ደ ሌሲ ጋር ስለተጣላ ግንቡ ውስጥ አላደረም፤ ሜዳው ላይ ድንኳን ተከለ። እንዲያም ሆኖ ሕዝቡ ግንቡን «የንጉሥ ጆን ግንብ» ይለው ነበር። ኋላ ግዛቱ በጋብቻ ለጆፍሪ ደ ጄኔቪል፣ ቀጥሎም ለሞርቲመር ቤተሰብ ተላለፈ። ጆፍሪ በወንዙ በኩል ትልቅ አዳራሽ ያሠራ ሰው ነው። ሲያረጅ ሁሉን ትቶ እዚያው ትሪም የዶሚኒካን ገዳም ገባ። በ1399 ደግሞ የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ የተቀናቃኙን ልጅ እዚህ አስቀምጦት ሄደ። ያ ልጅ በኋላ ሄንሪ 5ኛ ተብሎ እንግሊዝን ገዛ።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን ትሪም እንግሊዞች በእጃቸው የቀረው መሬት ዳር ላይ ነበረች። የአየርላንድ ፓርላማም አልፎ አልፎ እዚህ ይሰበሰብ ነበር። በ1465 ትሪም ላይ የወጣ አንድ ሕግ ሌባ የገደለ ሰው የሌባውን ጭንቅላት ቆርጦ ለከተማው ሹም እንዲያመጣ፣ ሹሙም በጦር ላይ ሰክቶ ግንቡ ላይ እንዲያቆመው ያዝዛል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቁፋሮ ሲካሄድ ጭንቅላት የሌላቸው የሰዎች አፅሞች ተገኙ። የዚያ ሕግ ሰለባዎች ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ይታመናል።

ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት በኋላ ግንቡ ወታደራዊ ጥቅሙ አበቃ። ባለቤቶቹ ተፈራረቁ፤ በ1993 መንግሥት ገዛው። በዚያው ሰሞን ሜል ጊብሰን ስለ ስኮትላንዱ ጀግና ዊልያም ዋላስ የሠራውን ፊልም ከፊል እዚህ ቀረጸ። በፊልሙ ላይ የእንግሊዟ ዮርክ ሆኖ የሚታየው ይህ ግንብ ነው። ብዙ ጎብኚም የሚመጣው ይህን ሰምቶ ነው። ቁፋሮና እድሳት ተደርጎ በ2000 ለሕዝብ ተከፈተ።

አሁን ስለ ጉብኝቱ። ግቢውንና ቅጥሩን በራስዎ እየተዘዋወሩ ማየት ይቻላል። ዋናውን ግንብ ግን ያለ አስጎብኚ አያስገቡም። ጉብኝቱ አንድ ሰዓት አይሞላም። በአንድ ጊዜ የሚገባው ሰው ውስን ነው። በተለይ በሰኔና በነሐሴ መሐል፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ጠዋት መድረስ ይሻላል። በብርዱ ወራት የመክፈቻ ቀኖቹ ስለሚቀንሱ አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

ውስጡ የብረት መተላለፊያ ተሠርቶለታል። ከዚያ ሆነው ግድግዳው ላይ የቀሩትን ቀዳዳዎች ያያሉ። የጥንቱ ወለል ተሸካሚ እንጨቶች የሚገቡት በእነሱ ነበር። ሽንት ቤቶቹም አሉ፤ ልጆች በጣም የሚወዱት ይህን ነው። አስጎብኚዎች የጥንት ሰዎች ልብሳቸውን እዚያ ይሰቅሉ እንደነበር፣ ሽታው ተባይ ይገድላል ተብሎ ይታመን እንደነበር ይተርካሉ። ደረጃው ጠባብ፣ ጠመዝማዛና አቀበት የሆነ ነው። ጉልበት ለሚያመው ወይም ከፍታ ለሚፈራ አይመከርም። በነገራችን ላይ ጠመዝማዛ ደረጃ ወደ ቀኝ የሚዞረው ተከላካዩ ሰይፉን እንዲያወዛውዝ ነው የሚለውን ተረት በየግንቡ ይሰማሉ። ተመራማሪዎች ይጠራጠሩታል። ጫፍ ሲደርሱ ወንዙ፣ ከተማውና ማዶ ያለው ቢጫ ማማ የሚባለው የገዳም ፍርስራሽ አንድ ላይ ይታያሉ።

ትሪም ባቡር የላትም። ከደብሊን በአውቶቡስ ወይም በመኪና አንድ ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። አውሮፓ ለሚኖር ሐበሻ አንድ ነገር፦ አየርላንድ ሼንገን ውስጥ የለችም። በሼንገን ቪዛ መግባት አይቻልም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የአየርላንድን ቪዛ ለብቻ ማውጣት አለበት።

መኪና ያለው ሰው ቤክቲቭን በዚያው ቀን ቢጨምር ጥሩ ነው። ጥቂት ደቂቃ ነው፣ መግቢያም አያስከፍልም። የጥንት ነገሥታት የነገሡበት የታራ ኮረብታም ከዚያ አይርቅም። መኪና የሌለው ደግሞ ከግንቡ ተነስቶ የወንዙን ዳር ይዞ ወደ ኒውታውን በእግሩ ይሂድ። በ1206 የተመሠረተ ካቴድራል ፍርስራሽ እዚያ አለ። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ዝናብ ከጣለ ግን ጭቃ ስለሚሆን ጫማ ላይ አይቀልዱ።