«20ደብሊው-50» ምንድን ነው? ለአሮጌ መኪና የሚሆን የሞተር ዘይት

በዘይት ጀሪካን ላይ ጎላ ብሎ የሚጻፈው 20ደብሊው-50 ወይም 15ደብሊው-40 የዘይቱን ውፍረት እንጂ ጥራቱን አይናገርም። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል። ሁለተኛው ደግሞ ሞተሩ ሞቆ ዘይቱ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው ይገልጻል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዘይቱ ወፍራም ነው።

የብርዱ ቁጥር ለጎጃም ብዙ አያስጨንቅም። 20ደብሊው ሞተር ማስነሳት መቻሉ የሚፈተነው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ነው፤ 15ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ላይ። ደብረ ማርቆስም ሆነ እንጅባራ በታኅሣሥ ማለዳ ቢበርድ ቢበርድ እዚያ አይደርስም። ሁለቱም ያስነሳሉ። ችግሩ ደብሊው የሌለው፣ ዝም ብሎ 40 ወይም 50 ተብሎ የሚሸጠው ነው። እሱ በብርድ ስለሚከብድ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋ እስኪደርስ ይቆያል፤ በዚያች አጭር ጊዜ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ ያለ በቂ ዘይት ይሽከረከራል። የመኪናው መመሪያ ራሱ ካላዘዘው በቀር ባለ ሁለት ቁጥሩን መግዛት ይሻላል።

እኛ አገር ዋናው ጉዳይ የሙቀቱ ቁጥር ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል፤ ያንኑ ዳገት ጭኖ መመለስ ደግሞ አለ። በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ በቆላው ሙቀት፣ ራዲያተሩ በቂ ነፋስ ሳያገኝ ሲወጣ የዘይቱ ሙቀት ከ100 ዲግሪ ያልፋል፤ ዘይቱም ይቀጥናል። በኮሎው (ፒስተኖቹ በሚያሽከረክሩት ዘንግ) እና እሱ በሚዞርበት ብሮንዚና መካከል ሆኖ ብረት ከብረት እንዳይነካካ የሚያደርገው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ብሮንዚናው በተበላ አሮጌ ሞተር ክፍተቱ ስለሰፋ ቀጭን ዘይት ቶሎ ይፈስና ግፊቱ ይወርዳል። 50 ቁጥር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ በደንብ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲቆም የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ፣ የዘይቱም መጠን ካልጎደለ፣ ከ15ደብሊው-40 ወደ 20ደብሊው-50 መሻገር ተገቢ ነው። መብራቱ በዚያም ካልጠፋ ግን ዘይት መለዋወጡን ትቶ ግፊቱን በጌጅ ማስለካት ያስፈልጋል።

መብራት ሳይበራ «ሞተሩ አርጅቷል» ብቻ ተብሎ ወፍራም ዘይት መሙላት ግን ጉዳት አለው። ወፍራም ዘይት ጌጁ ላይ ከፍተኛ ግፊት ቢያሳይም የሚዘዋወረው መጠን ያነሰ ነው። በብርድ ጊዜም በፊልትሮው ውስጥ ማለፍ ሲከብደው የፊልትሮው ማለፊያ ቫልቭ ይከፈትና ያልተጣራ ዘይት ወደ ሞተሩ ይሄዳል።

ብዙ ሰው ወደ ወፍራም ዘይት የሚሄደው ሰማያዊ ጭስ አይቶ ነው። የቤንዚን መኪና ከሆነ ዓባይ በረሃ ራሱ ጥሩ መመርመሪያ ነው። ቁልቁለቱን ነዳጅ ለቅቆ በማርሽ ሲወርድ በማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደር በሚገባበት ቱቦ) ውስጥ ከፍተኛ የመሳብ ኃይል ይፈጠራል፤ የቫልቮቹ ጎሚኒ (ዘይት የሚያግደው ላስቲክ) ደርቆ ከሆነ ዘይቱ በቫልቩ ግንድ በኩል ወደ ሲሊንደር ይሳባል። ታች ደርሶ እንደገና ነዳጅ ሲሰጠው ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ብሎ ወጥቶ ይጠፋል። ይህ የጎሚኒ ምልክት ነው፤ ለእሱ ተብሎ ሞተር መውረድ የለበትም። ዳገቱን ሲወጣ ሳያቋርጥ የሚያጨስና በዘይት መሙያው ክዳን በኩል እንፋሎት የሚገፋ ከሆነ ግን ያለቀው ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ ነው። 20ደብሊው-50 ፍጆታውን ትንሽ ይቀንስለት ይሆናል፤ በ1,000 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ከደረሰ ግን ሞተሩን ማሳየት ግድ ነው። የካምቢዮ ወይም የዲፈረንሻል ዘይት ቀላቅሎ ማወፈር ፈጽሞ አይሞከርም። የማርሽ ዘይት ቁጥር በሌላ መለኪያ የተሰጠ ስለሆነ 90 ተብሎ መጻፉ ከ50 ይበልጣል ማለት አይደለም፤ ውስጡ ያለው ማሟያም (የሚጨመርበት ኬሚካል) ለሞተር አልተሠራም።

ዘይት ሳይጨመር መጠኑ ከፍ ብሎ ከተገኘና መለኪያ ዘንጉ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ መኪናውን ማስነሳት አይገባም። ላዳን በመሰሉ ካርቡራተር ያላቸው መኪኖች የነዳጅ ፓምፑ ሞተሩ ላይ የተገጠመ ነው፤ ሜምብራኑ ሲቀደድ ቤንዚኑ ወደ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ይወርዳል። ያን ጊዜ 50 የተባለው ዘይት ውሃ ይሆናል። ፓምፑ ሳይጠገን አዲስ ዘይት መሙላት ገንዘብ መጣል ነው።

ጥራቱን የሚናገሩት በትንንሹ የሚጻፉት ፊደሎች ናቸው። በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ፊደል ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። ኤስኤና ኤስቢ በጣም ላረጁ ሞተሮች የነበሩ ስለሆኑ ርካሽ ቢሆኑም አይገዙ። ለአሮጌ ቤንዚን ሞተር ኤስጄ ወይም ኤስኤል ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በወጣው ኤስኤምና ከዚያ በኋላ በመጡት ደረጃዎች፣ እንደ 5ደብሊው-30 ባሉት ቀጫጭኖች ላይ፣ ካምሻፍትን ከመበላት የሚከላከለው የዚንክና የፎስፈረስ ማሟያ ተቀንሷል። ካሙ ተንሸራቶ ለሚገፋባቸው የድሮ ሞተሮች ይህ ጉድለት ነው። ሲአይ-4 እና ኤስኤል አንድ ላይ የተጻፈበት 15ደብሊው-40 ማሟያው በቂ ስለሆነ ለቤንዚኑም ለናፍጣውም ይሠራል፤ በየከተማው የማይጠፋውም እሱ ነው።

ሲገዙ የክዳኑ ቀለበት ያልተነካ፣ የምርት ቁጥሩ ያልተፋቀ መሆኑን ይዩ፤ በልቅ ከሚቀዳ በርሜል አይውሰዱ። ላዳ ከነፊልትሮው 3.75 ሊትር ይይዛል። የድሮው ቮልስዋገን 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ፊልትሮ ስለሌለው ወንፊቱ በየቅያሬው ይታጠባል። ቅያሬው ሞተሩ ሞቅ እንዳለ፣ በደልዳላ ቦታ ይደረጋል፤ አሮጌው ቢያንስ 15 ደቂቃ ይንጠፍጠፍ። የአዲሱን ፊልትሮ ጎማ በዘይት ቀብተው በእጅ ያጥብቁ፤ ጎማው ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ይበቃል። ሞልተው ያስነሱ፣ መብራቱ ሲጠፋ አጥፍተው 5 ደቂቃ ቆይተው ይለኩ። ከላይኛው ምልክት ካለፈ ኮሎው ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ ትርፉ መውጣት አለበት። በአቧራማ የገጠር መንገድ ለሚውል መኪና ተራው ዘይት በየ3,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር። ዘይቱ ለዓመታት ሳይቀየር የቆየ መኪና የገዛ ሰው ግን አዲስ ዘይት ከሞላ በኋላ የሚቀጥለውን ቅያሬ 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ያድርገው፤ አዲሱ ዘይት የተጋገረውን ጭቃ ሲያላቅቀው ፊልትሮው ቶሎ ይደፈናልና።