ባለቀለሙ የአንጎል ምስል የማይነግረን፦ ስለ ትውስታ ምርምር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ግራጫ አንጎል ላይ ቀይና ቢጫ ነጥብ ያረፈበት ምስል በየዜናው ይወጣል፤ ከሥሩ «ትውስታ ያለው እዚህ ነው» ይባላል። ምስሉ የሚሠራው ፋንክሽናል ኤምአርአይ በሚባለው ዘዴ ሲሆን ብዙው ስህተት የሚመጣው ፎቶግራፍ ስለሚመስል ነው። ፎቶግራፍ አይደለም፤ የሂሳብ ውጤት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ማሽኑ የነርቭ ሴሎችን ሥራ በቀጥታ ያያል»

የሚያየው ደምን ነው። ሴሎች ሲሠሩ ኦክስጅን የተሸከመ ደም ወደ አካባቢው ከሚያስፈልገው በላይ ይጎርፋል። ኦክስጅኑን ያራገፈ ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) በዙሪያው ያለውን የማግኔት መስክ ያዛባል፤ ኦክስጅን የያዘው ግን ይህን አያደርግም። ጃፓናዊው ተመራማሪ ሴይጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ በ1990 ይህን ልዩነት በምስል ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። ችግሩ ደም ዘገምተኛ ነው። ነርቮቹ በሺኛ ሰከንዶች ውስጥ ተነጋግረው ይጨርሳሉ፤ የደሙ ምልክት ግን ጫፍ ላይ የሚደርሰው ከ5 ወይም 6 ሰከንድ በኋላ ነው። ለውጡም በተለመደው 3 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ማሽን ከ1 እስከ 3 በመቶ ቢሆን ነው። ምስሉ የሚከፋፈልባት ትንሽ ኩብ ቮክሰል ትባላለች፤ ጎኗ ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ሲሆን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሴሎችን ትይዛለች። ስለዚህ ተመራማሪው የሚሰማው የሰፈሩን ጫጫታ እንጂ የአንዱን ሰው ንግግር አይደለም። ተሳታፊው ጭንቅላቱን ጥቂት ሚሊሜትር ካነቃነቀ ደግሞ የሚፈለገው ለውጥ በእንቅስቃሴው ይዋጣል። ጭንቅላቱ ግራና ቀኝ በትራስ የሚደገፈው ለዚህ ነው።

«ያልቀላው ክፍል ሥራ ፈት ነው»

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህሉ ቢሆንም ተኝተንም ሆነ ነቅተን ከምናወጣው ጉልበት 20 በመቶ ገደማ ይበላል። ቀለሙ የሚገኘው የአንዱን ጊዜ ምልክት ከሌላው በመቀነስ ነው። በ1998 የወጡ ሁለት ጥናቶች ይህን በብልሃት ሠሩበት። ተሳታፊዎች ማሽኑ ውስጥ ሆነው ቃላት ወይም ሥዕሎች ያያሉ። ከወጡ በኋላ የትኞቹን እንዳስታወሱ ይፈተናሉ። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ወደ ኋላ ተመልሰው መረጃውን «በኋላ የታወሰ» እና «በኋላ የተረሳ» ብለው ይከፍሉታል፤ አንዱን ከሌላው ይቀንሳሉ። በግንባር በኩል ባለው የአንጎል ክፍልና በሂፖካምፐስ (በአንጎል ውስጥ ጠልቆ በግራና በቀኝ ያለ ክፍል) አጠገብ የታየው ምልክት፣ ነገሩ ገና በሚታይበት ጊዜ፣ በኋላ ለታወሰው ከፍ ያለ ነበር። ሁለቱም ጊዜ እኩል የሠራ ቦታ በቅናሹ ይጠፋል። ጠፋ ማለት ግን አልሠራም ማለት አይደለም።

«ትውስታ ሂፖካምፐስ ውስጥ እንደ ዕቃ ተቀምጧል»

ሄንሪ ሞሌይሰን በ1953 ለሚጥል በሽታው በተደረገለት ቀዶ ጥገና የሁለቱንም ጎን ሂፖካምፐስ አብዛኛውን ክፍል አጣ። አዲስ ነገር መያዝ አቃተው፤ የልጅነቱን ግን ያወራ ነበር። መጋዘኑ ያ ቢሆን ኖሮ የልጅነቱም አብሮ በሄደ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር በመስታወት እያየ ኮከብ እንዲስል ስታለማምደው እጁ ከቀን ቀን እየተሻሻለ ሄደ፤ ሥራውን ከዚያ በፊት ሠርቶት እንደሚያውቅ ግን አያስታውስም። የእጅ ልማድና የሁነት ትውስታ የተለያዩ መንገዶች አሏቸው። ሂፖካምፐስ በተለያዩ የአንጎል ክፍሎች የተበተኑትን የአንድ ሁነት ገጽታዎች (ድምፁን፣ መልኩን፣ ቦታውን) አንድ ላይ የሚያስር ነው ቢባል ይቀርባል።

«ቀይ ነጥብ ከታየ ግኝት ነው»

እዚህ ላይ የሞተው ዓሣ ይጠቀስ። ክሬግ ቤኔትና ባልደረቦቹ በ2009 አንድ የሞተ የአትላንቲክ ሳልሞን ማሽን ውስጥ አስገብተው የሰዎች ፎቶ አሳዩት፤ ሰዎቹ ምን እንደሚሰማቸውም እንዲናገር ጠየቁት። ሂሳቡን በልቅ መንገድ ሲያሰሉት የዓሣው አንጎል «አበራ»። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ 100,000 ቮክሰሎች እያንዳንዳቸው በ1,000 አንድ የመሳሳት ዕድል ቢኖራቸው 100 ያህሉ በአጋጣሚ ብቻ ይቀላሉ። እንዲህ ያሉትን የአጋጣሚ ነጥቦች ለማጣራት የሚደረገው የብዙ ንጽጽር ማስተካከያ ሲጨመር ነጥቦቹ ጠፉ። ቡድኑ በ2012 አስቀው ለሚያሳስቡ ጥናቶች የሚሰጠውን የኢግ ኖቤል ሽልማት ተሸለመበት። ቀልድ ቢመስልም ከብዙ ቁምነገር ይበልጣል፦ ምስል ሲቀርብ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማስተካከያው ተደርጓል ወይ?» ነው።

«ማሽኑ እውነተኛን ትውስታ ከሐሰተኛው ይለያል»

በ2010 የጄሲ ሪስማን ቡድን ሰዎች ፊቶችን ሲያዩ የአንጎላቸውን ምልክት ለኮምፒዩተር አስተማረ። ኮምፒዩተሩ ሰውየው «አውቀዋለሁ» ማለቱን በጥሩ ሁኔታ ገመተ። ፊቱን በእርግጥ አይቶት እንደሆነ ግን ለመለየት አቅሙ ውሱን ሆነ። ማሽኑ የሚያነበው እምነትን ነው፤ ተሳስቶ በቅንነት የሚመሰክር ሰው ከእውነተኛው ምስክር ጋር ይመሳሰልበታል። ይህ ምርመራ እንደ ማስረጃ ፍርድ ቤት ይግባ የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያዩት ጥሩ ነው።

«የለንደን ታክሲ ነጂዎች አንጎላቸው አድጓል»

በ2000 የኤሌኖር ማጓየር ቡድን 16 ነጂዎችን ሲያጠና የሂፖካምፐስ የኋላ ክፍላቸው ገዝፎ ተገኘ፤ የፊቱ ግን ከሌሎች ሰዎች ያነሰ ነበር። ይህ ሁለተኛው ግማሽ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ከዚያ በ2011 የወጣው ተከታታይ ጥናት 79 የታክሲ ነጂነት ሰልጣኞችን ተከታትሎ፣ ለውጡ የታየው የከተማዋን መንገዶች በቃል የማወቅ ፈተናውን ባለፉት 39 ሰዎች ላይ ብቻ እንደሆነ አሳየ።

«መርሳት በዛብኝ፤ ኤምአርአይ ብነሳ ይታወቃል»

ሐኪም የሚያዘው ኤምአርአይ የአንጎልን ቅርጽ የሚያሳየው ነው፤ እጢ፣ ስትሮክ፣ የደም መፍሰስ ወይም የሂፖካምፐስ መጠን መቀነስ ይፈለግበታል። ከላይ የተወራለት ፋንክሽናል ምርመራ በአብዛኛው የብዙ ሰዎችን አማካይ ይናገራል፤ አንድ ሰው ስሙን የረሳው ለምን እንደሆነ አይመልስም። እንደ ሲቲ ስካን ያለ ጨረር የለውም፤ የሚያሰጋው በሰውነት ውስጥ ያለ ብረት ስለሆነ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ወይም በቀዶ ጥገና የገባ የብረት ክሊፕ ያለው ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። መርሳትን ሊያመጡ ከሚችሉና መታከም ከሚችሉ ነገሮች መካከል የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የታይሮይድ መዳከም የሚታዩት ግን በደም ምርመራ ነው።