ስም ያወጣ ሁሉ አባት አይደለም፦ የአንታርክቲካ ዳርቻና ስሞቹ

ክፍል ውስጥ የአንታርክቲካን ካርታ በሰቀልኩ ቁጥር አንዱ ተነስቶ አህጉሩን ያከፋፍልልኛል። «የንግሥት ሞድ ምድር የኖርዌይ፣ የሜሪ ባይርድ ምድር የአሜሪካ...»። ማስረጃው ስሙ ብቻ ነው። ሰለቸኝ።

አሜሪካዊው ሪቻርድ ባይርድ እ.ኤ.አ. በ1929 ያንን ምድር በሚስቱ ስም ሰየመው እንጂ የአሜሪካ መንግሥት «የኔ ነው» ብሎ በይፋ ጠይቆ አያውቅም። ዛሬም አብዛኛው ጠያቂ የለውም። ኖርዌይ በበኩሏ የንግሥት ሞድን ምድር በ1939 በአዋጅ ጠይቃለች፤ ጥያቄዋ የቆመው ግን በአዋጁ እንጂ በንግሥቲቱ ስም አይደለም።

ወደ ደቡብ አሜሪካ የተዘረጋው ባሕረ ገብ መሬትማ ይብሳል። እንግሊዞች ግራሃም፣ አሜሪካኖች ፓልመር፣ አርጀንቲናዎች ሳን ማርቲን፣ ቺሊዎች ኦሂጊንስ አሉት። ስም ርስት ቢሆን ኖሮ አራት ባለርስት አንድ ማሳ ላይ ሊቆም ነው! እንግሊዝና አሜሪካ በ1964 ተስማምተው ሰሜኑን ግራሃም፣ ደቡቡን ፓልመር፣ ጠቅላላውን የአንታርክቲካ ባሕረ ገብ መሬት አሉት። የባለቤትነቱን ነገር የያዘው የ1959ኙ የአንታርክቲካ ስምምነት ነው፦ አንቀጽ 4 «ይህ ቦታ የኔ ነው» ያሉትን የሰባት አገሮች የቀድሞ ጥያቄ አያጸድቅም፣ አይሰርዝምም፤ አዲስ ጥያቄ ግን ይከለክላል። ይህን አንቀጽ ሳታነቡ አትከራከሩኝ።

ሌላም የምሰማው ስህተት አለ። «አዴሊ ምድር የተሰየመው አዴሊ በምትባለው ፔንግዊን ነው።» ተገላቢጦሽ! ፈረንሳዊው አሳሽ ዱሞን ዱርቪል በ1840 በሚስቱ ስም ሰየመው፤ ፔንግዊኗ ስሟን ከምድሩ ወረሰች።

«ኤሬበስና ቴረር ተራሮች ስለሚያስፈሩ ነው እንዲህ የተባሉት።» «ቴረር» በእንግሊዝኛ ሽብር ቢሆንም፣ ሁለቱም የእንግሊዛዊው አሳሽ የጄምስ ክላርክ ሮስ መርከቦች ስም ነው። በቃ።

«የካርታው ጠርዝ የመሬቱ ጠርዝ ነው።» ከዳርቻው ቋጥኝ የሚታይበት 5 በመቶ ገደማ ነው፤ ሌላው በረዶ ሲሆን ብዙው ባሕር ላይ ይንሳፈፋል። የሩሲያው መርከበኛ ቤሊንግስሃውዘን በ1821 ያየው የአሌክሳንደር ምድር በበረዶ ከዋናው መሬት ጋር ስለተጋጠመ ደሴትነቱ የታወቀው በ1940 ነው። አውስትራሊያዊው አሳሽ ዊልኪንስ ደግሞ በ1928 ከአውሮፕላን ቁልቁል አይቶ «ባሕረ ገቡን የሚቆርጡ ወሽመጦች አሉ» አለ፤ ሌላው አሳሽ ራይሚል የመራው ቡድን ከ1934 እስከ 1937 በነበረው ጉዞ ውሾች በሚጎትቱት ሸርተቴ ሄዶ ቢያይ መሬቱ አንድ ወጥ ነው። በ2002 ላርሰን ቢ የተባለው ተንሳፋፊ በረዶ 3,250 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህሉ በሳምንታት ውስጥ ተሰባበረ፤ አንድ ትምህርት ቤት በቅርቡ ገዝቶ ያሳየኝ አትላስ ግን እስካሁን አልሰበረውም።

አትላስ ስትገዙ ሽፋኑን ትታችሁ የካርታውን ቀለማት ትርጉም የሚነግረውን መፍቻ እዩ። ተንሳፋፊውን በረዶ ከመሬቱ በቀለም ካልለየ ለሻጩ መልሱለት።