እንቆቆ፦ የኮሶ ትል መድኃኒት የሆነው ሐረግ

እንቆቆ በደጋና በወይና ደጋ ጫካ፣ በተለይ በጫካ ዳርና በገደል አፋፍ፣ በሌሎች ዛፎች ላይ ተደግፎ የሚወጣ ግንደ ጠንካራ ሐረግ ነው። በኦሮምኛ ሀንቁ ይባላል። በኬንያና በታንዛኒያም ይበቅላል፤ ማሳዮችም ፍሬውን ለሆድ ትል ይጠቀሙበታል። ሳይንሳዊ ስሙ ኤምቤሊያ ሺምፔሪ ሲሆን፣ ስያሜው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1837 ጀምሮ በኢትዮጵያ ኖሮ በ1878 አድዋ ላይ ላረፈው ጀርመናዊ ዕፅዋት ሰብሳቢ ለዊልሄልም ሺምፐር መታሰቢያ ነው።

ቅጠሉ ወፍራምና አብረቅራቂ፣ ጠርዙ ጥርስ የሌለው ነው። ፍሬው ድቡልቡል ነው፤ ሲበስል ይቀላል፣ ሲደርቅ ይጠቁርና ይጨማደዳል፤ መጠኑ ቁንዶ በርበሬን ያህላል፣ በውስጡም አንድ ዘር ብቻ አለ። ብዙ ጊዜ ከቀጨሞ ጋር ይምታታል። ቀጨሞ ግን ቁጥቋጦ እንጂ ሐረግ አይደለም፤ ቅጠሉም ትንንሽና ጠርዙ ጥርሳም ነው። እሱም ለትል ስለሚጠጣ ገበያ ላይ ቢደባለቅ ገዢው ቶሎ አያውቅም።

ትሉን የሚያጠቃው ኤምቤሊን የተባለ ብርቱካናማ ውህድ ነው፤ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ነገር) ሲነካው ቀለሙ ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣል። ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም። እንቆቆን ዘፍዝፎ፣ አጥልሎ፣ ውሃውን ብቻ መጠጣት ከንቱ ድካም የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ መድኃኒቱ የቀረው አተላው ላይ ነው።

ለዝግጅቱ የበሰለው ፍሬ ተለቅሞ ጥላ ላይ ይደርቃል። የነቀዘውና ጥሬው ተለቅሞ ይጣላል፤ ከዚያ በሙቀጫ ተወቅጦ በወንፊት ይነፋል። ሻካራ ከሆነ ጉሮሮ ይይዛል፣ ጠጪውም ሳይጨርስ ያስታውካል። ዱቄቱ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ፣ ሳይዘቅጥ እየተማታ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ከነአተላው ይጠጣል። ሆድ እስኪያጸዳ ምግብ አይቀመስም። ልኩ በጭብጥ ስለሆነ ከቤት ቤት ይለያያል፤ የባህል መድኃኒታችን ትልቁ ጉድለትም ይኸው ነው። ሲበዛ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስመልሳል። ሲያንስ ደግሞ የትሉ አንጓዎች ብቻ ተበጣጥሰው ይወጣሉ። ትሉ ብዙ ሜትር ቢረዝምም ጭንቅላቱ ከሁለት ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ እሱ አንጀት ላይ ተጣብቆ ከቀረ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ አንጓዎቹ እንደገና ይታያሉ። «እንቆቆ አልሠራልኝም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ሲሆን ነው።

እርጉዝ ሴት መጠጣት የለባትም። ኤምቤሊን በአይጦች ላይ ሲሞከር መውለድን የሚገታ ጠባይ አሳይቷል፤ ስለዚህ ልጅ የሚፈልጉ ባልና ሚስትም ቢጠነቀቁ ይሻላል።

ትሉ ስሙን ከኮሶ ስለወሰደ እንቆቆ ሁልጊዜ በኮሶ ጥላ ሥር ይኖራል፤ ይሁንና ኮሶ ሲበዛ ዓይን እንደሚጎዳ የታወቀ ነውና እንቆቆን የሚመርጡ ሰዎች ምክንያት አላቸው ማለት ይቻላል። ምሬቱ ግን አፍ ብቻ ሳይሆን ቋንቋም ውስጥ ቀርቷል፦ አሳሩን ያሳየውን ሰው «እንቆቆውን አጠጣው» እንላለን። ዛሬ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ በተለካ መጠን ስለሚዋጥ፣ ቁርጥና ክትፎ የሚያዘወትር ከተሜ እንቆቆን በስም ብቻ ያውቀዋል።

ፍሬው የሚንጠለጠለው ከፍ ብሎ ነው። ለቀማው በመሰላል ወይም በሜንጦ መሆን አለበት፤ ለማቅለል ብሎ ሐረጉን ከሥሩ የቆረጠ ሰው ለከርሞ የሚለቅመው የለውም።