ርዮካን ፔንሲዮን አይደለም፦ ጃፓን አልጋ ከመያዝዎ በፊት

ጃፓን የሚሄድ ሰው ማረፊያ ሲፈልግ ከምናውቀው ሆቴል ሌላ ርዮካን የሚባል ባህላዊ የእንግዳ ማረፊያ ይገጥመዋል። ታታሚ በተባለ የሣር ምንጣፍ ላይ ፉቶን፣ ማለትም የጃፓን ፍራሽ፣ ተነጥፎ ይተኛበታል። በሁለቱ መካከል ሲመረጥ የሚፈጠረው ስህተት አብዛኛው የሚመጣው ርዮካንን እንደ አገር ቤት ፔንሲዮን ከማየት ነው።

«ባህላዊ ስለሆነ ይረክሳል»

ብዙ ጊዜ ይወደዳል። ሆቴል በአብዛኛው የሚያስከፍለው በክፍል ነው። ርዮካን ግን ራትና ቁርስን ጨምሮ በሰው ያስከፍላል። 18,000 የን የሚል ዋጋ አይተው የያዙ ባልና ሚስት የሚከፍሉት 36,000 የን ነው ማለት ነው። ፍል ውሃ ያለበት ከሆነ የመታጠቢያ ግብር ይታከልበታል፤ በብዙ ቦታ በሰው 150 የን ነው። ቲፕ ግን አይጠበቅብዎትም። ባህላዊም ርካሽም የሚሻ ሰው ሚንሹኩ ይፈልግ። ሚንሹኩ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ቀለል ያለ ማረፊያ ነው፤ ፍራሹን ብዙ ጊዜ እንግዳው ራሱ ያነጥፋል። ካርድ የማይቀበል ሊኖር ስለሚችል ጥሬ ገንዘብ ይያዙ።

«አልጋው ከተያዘ በፈለግኩት ሰዓት እገባለሁ»

ሆቴል ከሆነ ቢያመሹም ግድ የለም። ርዮካን ውስጥ እንግዳ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ በማረጋገጫው ላይ 15:00 ተብሎ ይጻፋል። ራት ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ይቀርባል፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ክፍሉ ይለቀቃል። ምግቡ በእንግዳው ቁጥር ተገዝቶ በየተራ ስለሚሠራ የዘገየ ሰው ራቱን ያጣል፣ ገንዘቡም አይመለስለትም። በዋዜማው የሰረዘ ሰውም ብዙ የሚቀጣው በዚሁ ምክንያት ነው። አውሮፕላንዎ ማታ ናሪታ የሚያርፍ ከሆነ የመጀመሪያውን ሌሊት ኤርፖርቱ አካባቢ ሆቴል ይደሩ፣ ርዮካኑን ለማግስቱ ይያዙ።

«ሩዝና አትክልት ስለሚበዛው ለጾም ይመቻል»

ጿሚውን ሳያውቅ የሚያስገድፈው ይኼ ነው። የጃፓን ምግብ መሠረቱ ዳሺ የሚባል መረቅ ነው። ዳሺ በአብዛኛው ደርቆ እንደ እንጨት ከጠነከረ ዓሣ ፍቅፋቂና ኮምቡ ከተባለ የባሕር ተክል ይወጣል። ሚሶ ሾርባው፣ የተቀቀለው ዱባ፣ የቴምፑራው (በሊጥ ተነክሮ የሚጠበሰው ምግብ) ማጥቀሻ፣ የኑድሉ መረቅ ሁሉ ዳሺ አለበት። ቀዝቃዛ ቆስጣ በትንሽ ሳህን ሲቀርብልዎ ንጹሕ የጾም ምግብ ይመስላል፤ የራሰበት ፈሳሽ ግን ዓሣ ነው። «ዓሣ አልበላም» ማለት ቁራጩን ያስነሳ ይሆናል እንጂ መረቁን አያስቀይርም። ስለዚህ አልጋውን ሲይዙ «ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት አልበላም፤ የዓሣ ዳሺም አይግባብኝ» ብለው በጽሑፍ ይላኩ። ደርሶ መናገር አይጠቅምም፤ ወጥ ቤቱ ሥራውን ቀደም ብሎ ጀምሯል። አንችልም ካሉ ሱዶማሪ የሚባለውን ያለ ምግብ የሚከራይ ክፍል ይጠይቁ፤ ካልሆነም ሆቴል ይሻላል።

ለጿሚ ከሁሉም የሚሻለው ዋካያማ ግዛት ውስጥ ያለው የኮያ ተራራ ነው። መነኩሴው ኩካይ በ9ኛው መቶ ዘመን በመሠረተው በዚህ የቡድሂስት ገዳም ስፍራ ወደ 50 የሚጠጉ ቤተ መቅደሶች እንግዳ ያሳድራሉ። ምግባቸው ሾጂን ርዮሪ ይባላል፤ ሥጋም ዓሣም የለበትም፣ መረቁም የሚወጣው ከኮምቡና ከደረቀ እንጉዳይ ነው። የማለዳው ጸሎት የቡድሂስት ሥርዓት ነው፤ መግባት የማይፈልግ አስቀድሞ ይጠይቅ። ለሙስሊም ተጓዥ ግን ከዳሺ ይልቅ የሚያሳስበው በወጥ ውስጥ የሚገባው ሳኬና ሚሪን ነው፤ ሁለቱም አልኮል ናቸው።

«ፍል ውሃው ውስጥ በዋና ልብስ እገባለሁ»

አይቻልም። ወንድና ሴት ለየብቻ፣ ራቁት ይገባል። መጀመሪያ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው በሳሙና ይታጠባሉ፣ አረፋውን ያለቀልቃሉ፣ ከዚያ ነው ገንዳው። ውሃው ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 42 ዲግሪ ስለሚሆን የደም ግፊት ያለበት ሰው ቆይታውን ያሳጥር። ትንሿ ፎጣ ውሃ ውስጥ አትገባም።

ንቅሳት ያለበትን ሰው የሚከለክል ብዙ ነው። ግንባራቸው ወይም አንገታቸው ላይ መስቀል የተነቀሱ እናት ይዞ የሚሄድ ይህን አስቀድሞ ይጠይቅ። ከከለከሉ ካሺኪሪ የሚባለውን፣ በሰዓት ተይዞ ለብቻ የሚታጠቡበትን ክፍል ይያዝላቸው።

«ሆቴል ቢያንስ ሰፊ ነው»

የከተማው ቢዝነስ ሆቴል ነጠላ ክፍል ከ12 እስከ 15 ካሬ ሜትር አካባቢ ነው። ስምንት ታታሚ ያለው የርዮካን ክፍልም 13 ካሬ ይሆናል፤ ግን አልጋ ስለሌለበት ባዶውን ወለል ይጠቀሙበታል። ሻንጣ በታታሚ ላይ በጎማው አይጎተትም፣ ነጠላ ጫማም አይረገጥበትም። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አረጋውያን ከወለል መነሳት ስለሚከብድ ዋዮሺትሱ፣ ማለትም አልጋም ታታሚም ያለውን ክፍል፣ ይጠይቁ። ዩካታ የሚባለውን የቤት ልብስ ሲለብሱ የግራው ጫፍ ከላይ ይሁን፤ ቀኙ ከላይ የሚሆነው ለአስከሬን ነው።